መድኃኒቱና ምሥጢሩ፦ አንድ የአልማዝ ኩባንያ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሠራተኞቹ ያደረገው

ኦራፓ በቦትስዋና የምትገኝ፣ በአጥር የተከበበች የማዕድን ከተማ ናት። የሚወጣው አልማዝ ስለሆነ የከተማዋ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት አይገባባትም። የሠራተኛው መኖሪያ ቤት የኩባንያው ነው፤ ሆስፒታሉም የኩባንያው ነው። አለቃና ምንዝር በአንድ መንደር ይኖራሉ፣ በአንድ ሱቅ ይገበያያሉ፣ አንዱ የሌላውን መኪናም ሆነ አካሄድ ከሩቅ ይለያል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲገባ ማን እንዳየው እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ሥራውን ቢያጣ ደግሞ ከደመወዙ ጋር ልጆቹ የሚያድሩበትን ጣሪያ ጭምር ያጣል። ቀጥሎ የማቀርበው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ኩባንያው ለሠራተኞቹ መድኃኒት በመግዛቱ ነው። እኔ ግን ከመድኃኒቱ ግዢ ይልቅ ክብደት ልሰጠው የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ኩባንያው የሠራተኛውን የጤና ምሥጢር ከራሱ እጅ ማውጣቱ ነው።

ኩባንያው ደብስዋና ይባላል። የቦትስዋና መንግሥትና ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ እኩል በእኩል የያዙት የጋራ ድርጅት ነው። የተመሠረተው በ1969 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያን አዋጅ ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የኦራፓ ማዕድን በ1971፣ የጅዋኔንግ ደግሞ በ1982 ሥራ ጀምረዋል። ጅዋኔንግ በሚወጣው አልማዝ ዋጋ ሲለካ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት ማዕድናት አንዱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኩባንያው ቋሚ ሠራተኞች ስድስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ አብዛኛው፣ የመንግሥት ገቢም ግማሽ ያህሉ ከአልማዝ ይገኝ ስለነበር፣ የእነዚህ ስድስት ሺህ ሰዎች ጤና መናጋት የአንድ ድርጅት ጉዳይ ሆኖ የሚቀር አልነበረም።

በቦትስዋና የመጀመሪያው የኤድስ ሕመምተኛ የታወቀው በ1985 ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ አገሪቱ በዓለም ከፍተኛ የኤችአይቪ ሥርጭት ካለባቸው አገሮች ተርታ የመጀመሪያዋ ሆነች። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በ1999 መጨረሻ ላይ ከአዋቂው ሕዝብ 35.8 በመቶ የሚሆነው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ገምቶ ነበር። በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፌስቱስ ሞጋይ ሕዝባቸው የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠበት ለዓለም በግልጽ የተናገሩት በእነዚያ ዓመታት ነው።

ደብስዋና ነገሩን ሳይሰማ የቆየ ድርጅት አልነበረም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሠራተኞቹ ትምህርት ይሰጥ፣ ኮንዶም ያድል፣ በማዕድን ሆስፒታሎቹም ይህንኑ ሥራ የሚያስተባብሩ ሰዎችን መድቦ ያሠራ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ቀጣሪ ዘንድ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ በሥራ ቦታ የሚደረግ የኤችአይቪ ሥራ ሲባል የሚታሰበው ይኸው ነው። ፖስተር ይለጠፋል፣ የዓለም የኤድስ ቀን ይከበራል፣ ባለሙያ ተጋብዞ ገለጻ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚነገረው ቫይረሱ ገና ላልያዘው ሰው ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሠራተኛ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስለ እሱ እየተወራ ለእሱ የሚሆን አንድም ቃል ሳይሰማ ይወጣል።

ቁጥሮቹ የተናገሩት

አመለካከቱን የለወጠው የኩባንያው የራሱ መዝገብ ነው። በ1996 በጤና ጉድለት ምክንያት ከሥራ ከተገለሉት ሠራተኞች መካከል 40 በመቶው በኤድስ ምክንያት የወጡ ነበሩ፤ በ1999 ይኸው ድርሻ ወደ 75 በመቶ አደገ። ከሞቱት ሠራተኞች መካከል ደግሞ ከኤድስ ጋር የተያያዘው ሞት በ1996 ከነበረበት 37.5 በመቶ በ1999 ወደ 59.1 በመቶ ከፍ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ የታየ ለውጥ ነው። ከእያንዳንዱ አኃዝ በስተጀርባ ለዓመታት የሠለጠነ መካኒክ፣ የከባድ መኪና ነጂ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ እንዲሁም በአንድ ደመወዝ ላይ የተንጠለጠለ ሰፊ ቤተሰብ አለ።

በ1999 ኩባንያው በሠራተኞቹ መካከል የሥርጭት ጥናት አደረገ። ጥናቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ፣ ስምም ሆነ መለያ ቁጥር የማይጻፍበት፣ ደም ሳይሆን ምራቅ የሚወሰድበት ነበር። ከሠራተኛው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተሳተፈ። ውጤቱ 28.8 በመቶ ሆነ፤ ይህም ከአራት ሠራተኞች ከአንድ በላይ ማለት ነው። አገሪቱ ከነበረችበት ሁኔታ አንጻር ቁጥሩ ያልተጠበቀ ነበር አይባልም። ነገር ግን «በአገር ደረጃ» የሚባል ቁጥርና «በእኛ ፈረቃ ውስጥ» የሚባል ቁጥር በሰው ልብ ላይ ያላቸው ክብደት የተለያየ ነው።

በዚህ ጥናት አሠራር ውስጥ ብዙ ቀጣሪዎች የሚስቱት ነገር ተጠብቆ ነበር። ኩባንያው ማወቅ የፈለገው ስንት ሰው እንደሆነ እንጂ ማን እንደሆነ አልነበረም። ለእቅድ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ስንት መድኃኒት፣ ስንት የሕክምና ባለሙያ፣ ምን ያህል ተተኪ ሠልጣኝ እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በጥቅል ቁጥር ነው። የስም ዝርዝር ግን ለእቅድ አንዳች የሚጨምረው የለም፤ ለአድልዎ ብቻ በር ይከፍታል። ሠራተኛው በዚህ መጠን መሳተፉም ልዩነቱን እንደተረዳው ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ ስሙ ቢጠየቅ ኖሮ ያን ያህል ሰው ምራቁን ይሰጥ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ከጥናቱ ጎን ለጎን ተቋማዊ ኦዲት ተካሄደ። ኦዲቱ እያንዳንዱን የሥራ ዘርፍ እየመረመረ፣ የትኞቹ መደቦች ሰው ቢጎድልባቸው ማምረቻው እንደሚቆም፣ ለእነዚህ መደቦች ሰው ለማሠልጠን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ የጡረታና የሕክምና ወጪው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። የዚህ ሥራ ጥቅም በሒሳብ ባለሙያዎች ቋንቋ መናገሩ ነው። ርኅራኄ ብቻውን በቦርድ ስብሰባ ላይ በጀት ሲያስፈቅድ እምብዛም አይታይም። ሠራተኛን በሕይወትና በሥራ ላይ ማቆየት እሱን አጥቶ ሌላ ከማሠልጠን ያነሰ ወጪ እንደሚጠይቅ በአኃዝ ሲቀርብ ግን ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። አንዳንድ ሰዎች ኩባንያው ይህን ያደረገው ለትርፉ ብሎ ነው በማለት ሥራውን ያቃልላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ትርፍና ሕይወት በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱበት ስፍራ ሲገኝ ቀጣሪው ያንን ስፍራ አውቆ መጠቀሙ ሊመሰገን ይገባል፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው በሕይወት የሚቆየው የከፋዩ ልብ ተመርምሮ አይደለም።

ውሳኔው

በ2001 ደብስዋና ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ሠራተኞቹና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ሕጋዊ የትዳር ጓደኛ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ወጪን 90 በመቶ እንደሚሸፍን አስታወቀ፤ ቀሪውን 10 በመቶ ሠራተኛው ይከፍላል። በወቅቱ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሉዊስ ንቺንዶ ሲሆኑ፣ የኩባንያውን የኤችአይቪ ፕሮግራም ይመሩ የነበሩት ጼጼሌ ፋንታን ነበሩ።

ዛሬ ላይ ሆኖ የዚህን ውሳኔ ድፍረት ለመረዳት የዚያን ጊዜ የመድኃኒት ዋጋ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሦስቱን መድኃኒቶች በጥምረት ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት ለመግዛት በ2000 አካባቢ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይጠየቅ ነበር። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት ፋብሪካ ተመሳሳዩን ጥምረት ለእርዳታ ድርጅቶች በዓመት በ350 ዶላር ለማቅረብ ቃል ሲገባ ዋጋው መውረድ ጀመረ፤ ሆኖም ያ ዋጋ ወዲያውኑ ለሁሉም ገዢ የተዳረሰ አልነበረም። በዚያ ወቅት በአፍሪካ ውስጥ መድኃኒቱን መስጠት አይቻልም የሚለው አስተያየት በብዙ ባለሥልጣናትና ለጋሾች ዘንድ እንደ እውነት ይቆጠር ነበር። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ የላብራቶሪ መሣሪያ የለም፣ ሕመምተኛው በሰዓቱ አይወስድም ይባል ነበር። አንድ ማዕድን አውጪ ድርጅት የራሱ ሆስፒታል፣ የራሱ ላብራቶሪና ደመወዝተኛ ሠራተኛ ይዞ ይህን አስተያየት በተግባር ፈተነው።

ከሠራተኛው የሚፈለገው የ10 በመቶ መዋጮ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ደካማ ጎን ነው። መዋጮ ሰውን የሕክምናው ባለቤት ያደርገዋል የሚል መከራከሪያ አለ፤ ለአንዳንድ አገልግሎት ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ዋጋ የአንድ ዓመት ሕክምና አንድ አሥረኛ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ መዋጮ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ እንደ ተቀናሽ ከተጻፈ የሒሳብ ክፍሉ ሁሉ የሰውየውን ምሥጢር ያውቃል ማለት ነው። ማንኛውም ቀጣሪ ተመሳሳይ ነገር ሲያስብ የመዋጮውን መጠን ከመወሰኑ አስቀድሞ ገንዘቡ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚያልፍ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ቁልፍ የነበረው እርምጃ ግን ሌላ ነው። ኩባንያው የራሱ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች እያሉት የሕክምናውን አስተዳደር ከአገሩም ውጭ ለሆነ ድርጅት፣ ኤድ ፎር ኤድስ ለተባለው የደቡብ አፍሪካ የሕክምና አስተዳደር ተቋም ሰጠ። ሠራተኛው የሚመዘገበው በዚያ ተቋም ነው። የላብራቶሪ ውጤቱን ተቀብሎ መድኃኒት መጀመር አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ከሐኪሙ ጋር የሚመክረው፣ ክትትሉንም የሚይዘው ያ ተቋም ነው። ኩባንያው የሚያውቀው በጥቅሉ ስንት ሰው እንደሚታከምና ምን ያህል እንደሚከፍል ብቻ ነው። ደመወዝ የሚፈርመው፣ እድገት የሚሰጠው፣ ቅነሳ ሲመጣ ማን ይቀነስ የሚለው ክፍል የማንንም ስም አያይም።

አንባቢ እዚህ ላይ ወደ መግቢያው፣ ወደ ታጠረችው ከተማ፣ እንዲመለስ እለምናለሁ። የማዕድን ሆስፒታሉ ሐኪሞች ሐቀኞች ነበሩ ብንል እንኳ ሠራተኛው ይህን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ካርድ አውጪውም ደመወዛቸውን የሚቀበሉት እሱ ከሚቀበልበት ካዝና ነው። ስለዚህ ምሥጢር ለመጠበቁ መሐላ ወይም መመሪያ በቂ አይሆንም፤ ምሥጢሩ ለመውጣት ቢፈልግ እንኳ መንገድ እንዳይኖረው ሆኖ መሠራት ነበረበት። ደብስዋና ያደረገው ይህንን ነው። ብዙ ድርጅቶች በሠራተኛ መመሪያቸው ላይ «የሠራተኛው የጤና ሁኔታ በምሥጢር ይያዛል» ብለው ይጽፋሉ፤ ማን፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መዝገብ እንደሚይዘው ግን አይጽፉም። ሠራተኛው የሚያነበው ያልተጻፈውን ነው።

ሰው ለምን ዘገየ

እንዲህም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር ከጥናቱ ግምት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነበር። የሚመዘገበው መጀመሪያ ሁኔታውን ያወቀ ሰው ነው፤ ለማወቅ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ለመመርመር የሚያስፈልገው ድፍረት በገንዘብ አይገዛም። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው፣ እየሠራ፣ እየሮጠ መኖር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የነበረው የሕክምና መመሪያም መድኃኒት የሚያስጀምረው የሲዲ-ፎር (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ የደም ሕዋሳት) ቁጥሩ ወርዶ የሰውነቱ መከላከያ ሲዳከም ነበር። ጤነኛ መስሎ የሚሰማው ሰው «ውጤቴን ሰምቼ ምን ልሆን» ብሎ ቢያስብ አይገርምም። ከ2015 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ የሲዲ-ፎር ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት እንዲጀምር ስለሚመክር ይህ አንዱ ሰበብ ቀርቷል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረስ መጠኑ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ መረጋገጡ ደግሞ ለመመርመር ሌላ ብርቱ ምክንያት ጨምሯል። ፍርሃቱ ግን ከመመሪያው ጋር አብሮ አልተለወጠም።

በአሠራሩ የተረሱ ሰዎችም ነበሩ። «አንድ ሕጋዊ የትዳር ጓደኛ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ንጹሕ ይመስላል። ቦትስዋና ግን ብዙ ጥንዶች ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩባት፣ ልጅ የሚያሳድጉባት አገር ናት። ለአሥር ዓመት አብራው የኖረች፣ የልጆቹ እናት የሆነች ሴት የጋብቻ ወረቀት ስለሌላት ከሕክምናው ውጭ ነበረች። እሱ መድኃኒት እየዋጠ እሷ ስትመነምን የሚያይ ሰው ምን ያደርጋል? ከራሱ ያካፍላታል። መድኃኒት የተካፈለበት ቤት ደግሞ ሁለቱም በቂ መጠን የማያገኙበት፣ ቫይረሱም መድኃኒቱን የሚላመድበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ አደጋ በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሰው ሀብት መመሪያ ላይ ግን «ጥገኛ ማለት ማን ነው» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕግ ባለሙያ ብቻ ነው።

ከኮንትራክተሮች ጋር የሚሠሩት ሰዎችም ከሕክምናው ሽፋን ውጭ ነበሩ። ከቋሚ ሠራተኛው ጎን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ይውላሉ፤ ልዩነቱ ደመወዛቸውን የሚከፍለው ሌላ ድርጅት መሆኑ ነው። ኩባንያው በኋላ ላይ ይህን ክፍተት በከፊል በሌላ መንገድ ለመድፈን ሞከረ። ዕቃና አገልግሎት ሊያቀርቡለት የሚወዳደሩ ድርጅቶች ለራሳቸው ሠራተኞች የኤችአይቪ ፖሊሲና ፕሮግራም እንዳላቸው እንዲያሳዩ በጨረታ መስፈርቱ ውስጥ አስገባ። ትልቅ ገዢ የሆነ ድርጅት ይህን ማድረግ መቻሉ ለእኛም ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በጨረታ ሰነድ ላይ የሚጨመር አንድ መስፈርት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሚደረግ የዓመት ሥልጠና ይልቅ ብዙ ሰው ሊደርስ ይችላል።

ያላገቡት ጓደኞችና የኮንትራት ሠራተኞች መፍትሔ ያገኙት በዋናነት ከመንግሥት ነው። በጥር 2002 የቦትስዋና መንግሥት «ማሳ» የተባለውን፣ በሴትስዋና ቋንቋ «አዲስ ንጋት» የሚል ትርጉም ያለውን ነፃ የሕክምና ፕሮግራም በጋቦሮኔ በሚገኘው ፕሪንሰስ ማሪና ሆስፒታል ጀመረ። ይህን ለማሳካት የጌትስ ፋውንዴሽንና መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊዮን ዶላር የመደቡበት አጋርነት ከመንግሥት ጋር ሠርቷል። የደብስዋና የማዕድን ሆስፒታሎችም ቆየት ብለው የዚህ አገራዊ ፕሮግራም የአገልግሎት ጣቢያ ሆነው የአካባቢውን ሕዝብ ማከም ጀመሩ።

መድኃኒት ከሥራው ጋር ሲገጥም

መድኃኒት በእጁ የገባ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚገጥመው የሥራው ሰዓት ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ጥምረቶች በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት የሚወሰዱ ነበሩ። በአንድ ሳምንት ቀን፣ በሌላው ሳምንት ሌሊት በፈረቃ የሚሠራ ሰው የእንቅልፉም የምግቡም ሰዓት በየሳምንቱ ይገለበጣል። ማታ ይወሰድ የነበረው ኤፋቪሬንዝ የተባለ መድኃኒት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማዞርና ሕልም ማብዛት ስለሚያስከትል፣ ትልልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ለጥቂት ሳምንት ቀላል ሥራ ላይ ቢመደብ ለራሱም ለሌላውም ደኅንነት ይበጃል። ግን ለምን ተመደበ? ምክንያቱ ለቅርብ አለቃው ከተነገረ ምሥጢሩ ወጣ። ስለዚህ ጥሩ አሠራር ያለው ድርጅት የሥራ ምደባ ማስተካከያ የሚያዘው የጤና ባለሙያ ይሆንና ለአለቃው የሚደርሰው ወረቀት ላይ የሚጻፈው «ለአራት ሳምንት በከፍታ ቦታና በከባድ ማሽን ላይ አይመደብ» የሚል ብቻ ይሆናል። የጀርባ ሕመም ያለበትም፣ የስኳር ሕመምተኛም፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበትም በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ቃል ይስተናገዳሉ። በዚህ ዘመን ያሉት መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱና የጎንዮሽ ጉዳታቸውም የቀለለ በመሆኑ ችግሩ በጣም ቀንሷል፤ ወረቀቱን የማዘጋጀቱ ልማድ ግን ለማንኛውም ሕመም ይጠቅማል።

ይህን ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ደብስዋና በውድ ዋጋ የገዛውን ነገር የእኛ ቀጣሪ እንዲገዛ አይጠየቅም። ሕጉም ቢሆን ክፍተት አለው አይባልም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. በኤችአይቪ/ኤድስ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ከተከለከሉ ድርጊቶች አንዱ አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ የእኛን ቀጣሪ የሚቀረው ሥራ በትክክል ያ ሁለተኛው፣ የምሥጢሩ ሥራ ነው። በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀረናል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልጥቀስ። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት እያዋጡ የሚያቋቁሙት የኤድስ ፈንድ አለ። ሐሳቡ የመረዳዳት ባህላችንን የተከተለ፣ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ከዚያ ገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት የሚፈልግ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ለአስተባባሪ ወይም ለኮሚቴ መግለጥ ይኖርበታል። ኮሚቴው የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ክፍያው በሒሳብ ክፍል ያልፋል፤ ከፋይ ገንዘብ ያዡም ያውቀዋል። ገንዘቡ የተዋጣለት ሕመምተኛ እርዳታውን ትቶ ዝም ማለትን ቢመርጥ የፈንዱ ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጣል፣ በሪፖርትም ላይ «ተጠቃሚ አልቀረበም» ይባላል። ፈንዱ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ብቻ ሳይሆን ረጅም ሕክምና ለሚያስፈልገው ማንኛውም ሕመም ቢሆን፣ ማመልከቻውም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባለ የጤና ባለሙያ ተመርምሮ ለመሥሪያ ቤቱ «ይከፈለው» ከሚል ቃል በቀር ምንም ባይደርሰው፣ ያው ገንዘብ ለታለመለት ሰው የመድረስ ዕድሉ ይሰፋ ነበር።

ሌላው በየቀኑ የሚያጋጥም፣ ቀላል የሚመስል ነገር የቀጠሮ ወረቀት ነው። በብዙ ጤና ተቋሞቻችን የኤአርቲ (የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል ለብቻው ነው፤ በግቢው ጓሮ ወይም በሌላ ብሎክ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የት እንደሚሄድ ሁሉም በሚያውቅበት ቦታ። ሠራተኛው መድኃኒቱን ለመውሰድ በየተወሰኑ ወራት ቀጠሮ አለው። ከሥራ ለሚቀርበት ግማሽ ቀን የሰው ሀብት ክፍሉ የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል፤ ይህ መብቱ ነው፤ አዋጁም ለሕመም ፈቃድ የታወቀ የሕክምና ማስረጃ እንዲቀርብ ያዛል። ግን በማስረጃው ላይ የክፍሉ ስም ወይም ማኅተም ካለ፣ ያንን ወረቀት ለአለቃው ማስረከብ ማለት ውጤቱን ማስረከብ ነው። ብዙዎች ይህን ለመሸሽ ከዓመት ፈቃዳቸው ይቆርጣሉ፣ ወይም ቤተሰብ ታሞብኝ ነው ይላሉ፣ አንዳንዱም ቀጠሮውን ያሳልፋል። በመድኃኒት ላይ ላለ ሰው ቀጠሮ ማሳለፍ መድኃኒት ማቋረጥ ነው።

ይህን ለማስተካከል ቀጣሪው ገንዘብ አያወጣም። የሰው ሀብት ኃላፊው በአንድ አጭር ማስታወሻ፣ ለክትትል የሚቀርብ ማስረጃ የጤና ተቋሙን ስም፣ ቀኑንና የባለሙያውን ፊርማ ብቻ ይዞ ቢቀርብ ተቀባይነት እንዳለው፣ የበሽታው ዓይነትም ሆነ የሕክምና ክፍሉ ስም መጻፍ እንደሌለበት ለሠራተኞች ሁሉ ያሳውቃል። ማስታወሻው ለኤችአይቪ ተብሎ አይወጣም፤ ለነፍሰ ጡርም፣ ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለአእምሮ ሕክምናም ያው ነው። ማስረጃው ደግሞ በቅርብ አለቃው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለሰው ሀብት ክፍሉ ገቢ ይሆናል፤ ለአለቃው የሚደርሰው ሠራተኛው በዚያን ቀን ረፋድ ላይ ፈቃድ እንዳለው የሚገልጽ መስመር ብቻ ነው።